የኢትሱኩሺማ መቅደስ እና የባሕሩ ሰዓት

በጃፓን ከሂሮሺማ ከተማ ወደ ሚያጂማ ደሴት ተሻግሮ፣ የሺንቶ (የጃፓን ነባር እምነት) የሆነውን የኢትሱኩሺማን መቅደስ ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃ እንደሆነ፣ የሌላ እምነት ተከታይስ መግባት ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። መንገዱ ቀላል ነው፤ ባቡሩ እስከ ሚያጂማጉቺ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ጀልባው ደግሞ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሆኖም እኔ እንዳየሁት ግማሽ ቀን አይበቃም፤ ጉብኝቱን የሚወስነው ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት ሲሆን፣ ከአንዱ እስከ ሌላው ስድስት ሰዓት ያህል ያልፋል።

ስለዚህ የሚሄዱበትን ቀን ከመቁረጥዎ በፊት የባሕሩን ከፍታ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ። ከ250 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ መቅደሱ በውኃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ከ100 ሴንቲ ሜትር በታች ሲወርድ ግን ቶሪ እስከሚባለው ታላቅ በር ድረስ በእግር መሄድ ይቻላል።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያዩ ከሆነ ሙላቱን ይምረጡ፤ ሕንጻው የታሰበው ለእርሱ ነውና። ደሴቲቱ ራሷ እንደ ቅድስት ስለምትታይ፣ ታይራ ኖ ኪዮሞሪ የተባለው የጦር አለቃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1168 ገደማ መቅደሱን ዛሬ በምናውቀው ቅርጽ ሲያሠራ፣ ውኃው በሚደርስበት ዳርቻ ላይ አቆመው። በመተላለፊያው ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ወለሉን ይመልከቱ፤ በሳንቃዎቹ መካከል ክፍተት የተተወው፣ ማዕበል ከሥር ሲገፋ ውኃው በዚያ እየወጣ ግፊቱ እንዲቀንስ ነው። ይህን ብልሃት ቆሞ ሳያስተውል ፎቶግራፍ ብቻ አንሥቶ የሚመለስ ጎብኚ ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1875 የተሠራው የአሁኑ ቶሪ 16 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ምሰሶዎቹ በአፈር አልተቀበሩም፤ ከላይ ያለው አግዳሚ እንደ ሣጥን ተሠርቶ በድንጋይ ስለተሞላ፣ በሩ በገዛ ክብደቱ ጸንቶ ቆሟል። ባሕሩ ሲጎድል ቀርበው የምሰሶውን እግር ቢያዩ ዛጎል ተጣብቆበት ያገኙታል። እንጨቱን ስለሚጎዳ ግን ሳንቲም በስንጥቁ ውስጥ አይሰኩ።

የሌላ እምነት ተከታይ መሆንዎ መግባትን አይከለክልዎትም። ምእመናን በጸሎቱ አዳራሽ ፊት ሁለት ጊዜ ይሰግዳሉ፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ይሰግዳሉ፤ እርስዎ ይህን የማድረግ ግዴታ የለብዎትም፤ ባርኔጣዎን አውልቀው ከጎን በጸጥታ መቆም ተገቢ አክብሮት ነው። መቅደሱ የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ ደሴቲቱ ላይ ማደር ከቻሉ ሕዝቡ ሳይበዛ ይገባሉ።