«አንቺማ ትችያለሽ»

አንዲት እህታችን ከሐዋሳ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች።

«34 ዓመቴ ነው። ለቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። አባታችን ሲሞት እኔ 14፣ የመጨረሻው ወንድሜ ገና 2 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የቤቱን ጣጣ ከእማ ጋር እኩል ተሸክሜያለሁ። አሁንም የወር አስቤዛዋን የምሸፍነው እኔ ነኝ። በቀደም ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን አስጠግኚ ብዬ 18 ሺህ ብር ሰጠኋት። ለወንድሜ ስልክ ገዛችበት። ስጠይቃት ‹እሱ ምን አለው? አንቺማ ትችያለሽ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቀንቼ ነው? ወይስ እማ እኔን አትወደኝም?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ስልኩ ብዙ ጽፈሻል። እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻው ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሽው የዓሣው ነገር ነው።

እሑድ እሑድ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶ ገዝተሽ ትሄጃለሽ። እናትሽ ይጠብሱታል። ትሪው ሲቀርብ የወንድምሽን ዓሣ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው እሾሁን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ነጩን ሥጋ በእንጀራ ጠቅልለው ያጎርሱታል፣ የ22 ዓመቱን ጎረምሳ። አንቺ የራስሽን ራስሽ ትለቅሚያለሽ። አንድ ቀን እሾህ ጉሮሮሽን ወግቶሽ ስትስዪ እናትሽ ቀና ብለው አይተውሽ «ደረቅ እንጀራ ዋጪበት» አሉሽ። ከዚያ ወደ ልቀማቸው ተመለሱ።

ብሩ ያናድዳል፣ ልክ ነሽ። እንቅልፍ የነሳሽ ግን ይሄኛው ይመስለኛል። ስለዚህ «ቀንቼ ነው?» እያልሽ ራስሽን አትክሰሺ። እሾህ የሚለቅምለት ሰው መፈለግ በ34 ዓመትም ነውር አይደለም።

እናትሽ አይወዱሽም ወይ ላልሽው፣ አንድ ጥናት ልንገርሽ። ጂል ሱዊተር እና ካርል ፒልመር የሚባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ከ500 በላይ አረጋውያን እናቶችን አነጋግረዋል። እናቶቹ «ከልጆችሽ ለልብሽ የሚቀርበው ማን ነው?» ሲባሉ የመጨረሻ ልጃቸውን የመጥራት ዝንባሌ ነበራቸው። «ችግር ቢገጥምሽ ማን ጋ ትሄጃለሽ?» ሲባሉ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን። ውጤቱ የወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። አገሩ ሩቅ ነው፣ ግን የእናንተን ቤት ያዩ ያህል ነው።

እናትሽም ሁለታችሁን ያስቀመጧችሁ ለየብቻ ይመስለኛል። እሱ የሚሳሱለት ነው። አንቺ የሚደገፉብሽ ነሽ። «አንቺማ ትችያለሽ» ሲሉሽ በሳቸው አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። አንቺ ጆሮ ሲደርስ «አንቺን ማን ያይሻል» ይሆናል።

ይህ የተጀመረው ያኔ፣ አባታችሁ ሲሞት ይመስለኛል። ድንኳኑ ተነቅሎ ለቀስተኛው ሲበተን እናትሽ ጭን ላይ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። ሌሊት እሱን አቅፈው ተኙ። ሲነጋ ደግሞ ሊጡን ያቦካሽው፣ ታናናሾችሽን ወደ ትምህርት ቤት የሸኘሽው አንቺ ነበርሽ። ሐዘናቸውን ያስረሳቸው እሱ፣ ቤታቸውን ያቆመላቸው አንቺ። በሥነ ልቦናው ልጅ ሆኖ የወላጅን ሸክም መሸከም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያደገ ሰው ጎበዝ ይሆናል፣ ቤተሰብ ይተማመንበታል። «ደከመኝ» ማለትን ግን አይለምድም። ስለማይልም፣ አይደክመውም ተብሎ ይታሰባል።

ለእናትሽ ጥብቅና እየቆምኩ አይደለም። ለጣሪያ የተሰጠን ብር ለስልክ ማዋል ስህተት ነው። እሾህ መልቀሙም ቢሆን ለሱ አልበጀውም። እነዚሁ ተመራማሪዎች ቆይተው ልጆቹንም ጠይቀው ነበር። «ለእናቴ ልብ የምቀርበው እኔ ነኝ» የሚሉት ላይ የድብርት ምልክት በዛ ብሎ ታይቷል። የተወደደ ሁሉ የተመቸው አይምሰልሽ። የእናቱን ሆድ ብቻውን ተሸክሞ የሚኖር ልጅም ይከብደዋል። ወንድምሽ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ አላገኘም ብለሻል። ስልኩን ሲቀበል ምን እንደተሰማው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? አፍሮ ሊሆን ይችላል።

«የመጨረሻ ልጅ ሲባል ከተፈጥሮው ሞልቃቃ ነው» ያልሽውን ግን ተዪው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በጀርመን ከ20 ሺህ በላይ ሰዎችን ያየ ጥናት፣ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መወለድ በሰው ጠባይ ላይ የሚያመጣው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ሞልቃቃ ከሆነም አያያዙ ነው። አያያዝ ደግሞ ይስተካከላል።

አሁን ምን ታደርጊ? ብሩንና ፍቅሩን ለያይተሽ ያዢ። የብሩ ቀላል ነው። ለጣሪያው ከእንግዲህ ጥሬ ገንዘብ አትስጪ። ቆርቆሮውን ራስሽ ግዢ፣ የእጁን ለሠራተኛው ራስሽ ክፈዪ። ኩርፊያ አያስፈልገውም። «እማ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ብዬ ነው» በቂ ነው። አስቤዛውን ግን በንዴት አታቋርጪ። እንደ ቅጣት ስለሚቆጠር ዋናው ነገር ይሸፈናል።

ዋናው ነገር ከእናትሽ ጋር የምታወሪው ነው። ጎረቤት በሌለበት፣ ወንድምሽም በወጣበት፣ ቡና አፍልተው ብቻችሁን ስትሆኑ አንሺው። «እሱን ታበልጫለሽ» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ ካልሽ የሚመልሱልሽን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ «ሁላችሁም ከአንድ ሆድ ነው የወጣችሁት»። ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ስለ ራስሽ ተናገሪ። «እማ፣ እኔም ይደክመኛል። ትችያለሽ ስትዪኝ ብቻዬን የቀረሁ ይመስለኛል» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ያለቅሱ ይሆናል። «ምን አጎደልኩብሽ?» ብለው ይቆጡም ይሆናል። ሁለቱም ቢሆን አትደንግጪ፣ የተናገርሽውንም ለማስተባበል አትቸኩዪ። 20 ዓመት ያልተነገረ ነገር በአንድ ስኒ ቡና አያልቅም።

ወንድምሽን ለብቻው አግኚው። ወደ ፍቅር ሐይቅ ወጣ ብላችሁ በእግር እየሄዳችሁ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጎን ለጎን ሲሄዱ ማውራት ይቀላል። ስለ እናታችሁ ሳይሆን ስለሱ ጠይቂው። ቤት ውስጥም የሱ የሆነ ሥራ ይኑረው። ጣሪያው ሲሠራ ከሠራተኛው ጋር የሚውለው እሱ ይሁን። «እሱ ምን አለው?» የሚባለው እኮ ምንም ስላልተሰጠው ጭምር ነው።

እንቅልፉ ካልተመለሰ፣ ለቅሶው ከበዛ፣ ሥራሽንም ካስተጓጎለ ግን ሰው ይይሽ። በከተማችሁ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ይህ ሁሉ ከብዶሽ መጀመሪያ ካጣሽ፣ ከእሑዱ ጀምሪ። ዓሣው ሲቀርብ ሳህንሽን ወደ እናትሽ ጠጋ አድርጊና «እማ፣ ዛሬ የኔንም ልቀሚልኝ» በያቸው። ሳቅ ይላሉ፣ «አንቺ ደግሞ!» ይሉሽ ይሆናል። ሳህኑን ግን አትመልሺው።