ደም አሲድ ሆኖ ሳለ ፖታሲየም ለምን በሽንት ያልቃል?

ጥያቄ፦ የነርስነት ተማሪ ነኝ። ደም አሲድ ሲበዛበት ኩላሊት ፖታሲየም ማስወጣቱን ይቀንሳል ተብለን ተምረናል። በልምምድ ላይ ግን በስኳር ሕመም ደሟ አሲድ የሆነባት ታካሚ ገጠመችን፤ የደሟ ፖታሲየም 5.4 ሚሊሞል በሊትር፣ ከተለመደው ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ሐኪሙ ደግሞ «ይቺ ሴት ፖታሲየሟን በሽንት ጨርሳለች» አለ። ማንን ልመን? (ስሜ አይጠቀስ)

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ። መጽሐፉ የሚነግርዎ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ነው፤ ታካሚዋ ግን ሐኪም ቤት የደረሰችው ሲብስባት ከርሞ ነው። ይህን ትምህርት ሳስተምር ሁሌም የሚያናድደኝ ሥዕሉ ነው። የኩላሊት ቱቦ ወረቀት ላይ ሲሳል ውስጡ ያለው ፈሳሽ የቆመ ይመስላል፤ ተማሪውም የአዮን በሮቹን (እንደ ፖታሲየም ያሉ የኤሌክትሪክ ሙላት ያላቸው ቅንጣቶች የሚያልፉባቸውን) ስም ሸምድዶ ፍሰቱን ይረሳል።

ጤነኛ ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። ከተጣራው ፖታሲየም አብዛኛው ገና በቱቦው የመጀመሪያ ክፍሎች ወደ ደም ይመለሳል። በሽንት ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወሰነው ወደ መጨረሻው፣ ሰብሳቢው ቱቦ አካባቢ ነው። እዚያ ያሉ ህዋሳት ለፖታሲየም ሁለት ዓይነት መውጫ አላቸው። አንደኛው «ሮምክ» ይባላል፤ በዘወትር ፍሰት የሚሠራው እሱ ነው። የህዋሱ ውስጥ አሲድ ሲሆን ይዘጋል፤ ፒኤቹ (አሲድ ሲበዛ የሚወርደው መለኪያ) ትንሽ ዝቅ ማለቱ ይበቃዋል። የመጽሐፍዎ ዓረፍተ ነገር የመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው «ቢኬ» ነው፤ ፈሳሹ ቀስ ብሎ ሲሄድ አይነቃም። ፍሰቱ ሲበረታ በህዋሱ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል፣ ቢኬም ይከፈታል። ህዋሱ ፍሰቱን በምን ያውቃል? ብዙዎቹ የቱቦ ህዋሳት ወደ ፈሳሹ የወጣች አንዲት ፀጉር መሰል ሲሊየም አለቻቸው። ፕሪቶሪየስና ስፕሪንግ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ ከውሻ ኩላሊት በተገኙ ህዋሳት ላይ ይህችን ሲሊየም ሲያጎነብሷት የህዋሱ ካልሲየም ጨመረ። ካልሲየሙ በየት በኩል እንደሚገባ ክርክሩ አልበረደም፤ ፍሰት ፖታሲየምን እንደሚያስወጣ ግን አያከራክርም።

ፍሰት በሌላም መንገድ ይሠራል። የወጣውን ፖታሲየም ቶሎ ጠርጎ ስለሚወስደው ቱቦው ውስጥ አይጠራቀምም፣ ተከታዩም በቀላሉ ይወጣል። ብዙ ሶዲየምም ይዞ ይመጣል፤ ሶዲየሙ ወደ ህዋሱ ሲገባ የቱቦው ውስጥ ይበልጥ ኔጋቲቭ ስለሚሆን ፖታሲየምን ይስባል። ፉሮሴማይድ የተባለውን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ፖታሲየማቸው የሚወርደው ባብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን አሲዱ ለቀናት ይቆይ። የመጀመሪያው የቱቦ ክፍል ሶዲየምና ውሃ መመለሱ ይቀንሳል፤ የተረፈው ወደ ታች ይወርዳል። ኩላሊት ፖታሲየም እንዲያስወጣ የሚያደርገው ሆርሞን፣ አልዶስትሮንም ይጨምራል። ስለዚህ ያው አሲድ፣ ሮምክን የዘጋው፣ ውሎ አድሮ ፍሰቱን አብዝቶ ፖታሲየምን ያስወጣል። በታካሚዋ ላይ ደግሞ ስኳሩ አለ፤ በሽንት የሚወጣ ስኳር ውሃ ይዞ ስለሚሄድ ፍሰቱ ከመጠን በላይ ይሆናል።

5.4 ያሳየው ውጤት ታዲያ? እሱ የደሙን ብቻ ነው የሚናገረው። አብዛኛው ፖታሲየም የሚኖረው ህዋስ ውስጥ ነው፤ ኢንሱሊን ሲጠፋና ደሙ በስኳር ሲወፍር ከህዋስ ወደ ደም ይወጣል። ስለዚህ ሰውነቷ ጎድሎት ሳለ ደሟ የተረፈው ይመስላል። ኢንሱሊን ሲጀመርላት ፖታሲየሙ ተመልሶ ወደ ህዋስ ይገባል፣ የደሟም መጠን በሰዓታት ውስጥ ሊያሽቆለቁልና ልብን ሊያውክ ይችላል። ኢንሱሊን ከመጀመሩ በፊት የፖታሲየም ውጤት የሚጠበቀው፣ ከዚያም በየ2 እስከ 4 ሰዓቱ የሚለካው ለዚህ ነው። ሽንቷ መውጣቱ ከታየ፣ መጠኑም ሲወርድ፣ በሐኪሙ ትእዛዝ ከፈሳሹ ጋር ፖታሲየም ይጨመርላታል።