ስለ ትራፊክ መብራት ሲሙሌሽን ጠይቁኝ

ሰላም ወገኖች። የመስቀለኛ መንገድ መብራትንና የመኪና ፍሰትን በኮምፒውተር ማስመሰል የዕለት ሥራዬ ነው። ለጥያቄዎቻችሁ መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ ኮድ መጻፍ ገና ጀማሪ ነኝ። ከየት ልነሳ?

መልስ፦ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ናጌልና ሽሬክንበርግ እ.ኤ.አ. በ1992 ካወጡት የመኪና ፍሰት ሞዴል ተነስ። መንገዱን 7.5 ሜትር በሚረዝሙ ሳጥኖች ትከፍለዋለህ። አንዱ ሳጥን አንድ መኪና ይይዛል። በየሰከንዱ መኪናው ፍጥነት ይጨምራል፤ ፊቱ ያለው ቦታ ካነሰው ይቀንሳል፤ አልፎ አልፎም በዕጣ ያለ ምክንያት ይዘገያል። ለቀይ መብራት ደግሞ መስመሩ ላይ የቆመ መኪና እንዳለ ቁጠረው። ያቺን የዕጣ መዘግየት አንዴ አውጥተህ፣ አንዴ መልሰህ ሞክራት። መጨናነቅ ከምን እንደሚወለድ በዓይንህ ታያለህ።

ጥያቄ፦ ነፃ ሶፍትዌር አለ?

መልስ፦ አለ፣ ሱሞ ይባላል። መብራቱን በፓይተን ኮድ ማዘዝ ይቻላል።

ጥያቄ፦ በሱሞ የዋናውን መንገድ አረንጓዴ ባሳጥረው አማካይ መዘግየቱ ቀነሰልኝ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ነገር ጠየቅሽ። ምናልባት መኪኖቹ ተደብቀውብሽ ይሆናል። መንገዱ ጢም ሲል ሱሞ አዳዲሶቹን አያስገባም፤ ከካርታው ውጭ ያስጠብቃቸዋል። ያ ጥበቃ ከጉዞው መዘግየት ጋር አይደመርም፣ ለብቻው ነው የሚመዘገበው። በዚያ ላይ 300 ሰከንድ ቆሞ የቀረን መኪና ካለበት አንስቶ ወደፊት ያሻግረዋል። ስክሪኑ ላይ መንገዱ የተከፈተ ይመስላል፤ እውነተኛ ሾፌር ግን እንዲህ መዝለል አይችልም። ውጭ የጠበቁበትን ጊዜና እንዲህ የተሻገሩትን መኪኖች ብዛት ሳታዪ ውጤቱን ለማንም እንዳትሰጪ። በእንዲህ ያለ ውጤት መብራት ከተስተካከለ ሰው በከንቱ ፀሐይ ላይ ይቆማል።

ጥያቄ፦ የመብራቱን ዑደት ርዝመት፣ ማለትም ከአንዱ አረንጓዴ እስከ ቀጣዩ አረንጓዴ ያለውን ጊዜ፣ በግምት ልሙላው?

መልስ፦ በፍጹም። የትራፊክ ተመራማሪው ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ቀመር አለልህ። በአንድ ዑደት መብራቱ ተራ ሲቀያይር የሚባክነውን ጊዜ በ1.5 አባዛና 5 ደምር፤ ከዚያ ከ1 ላይ የየምዕራፉ (የየአረንጓዴ ተራው) የፍሰት ድርሻ፣ ማለትም የሚመጣው መኪና መብራቱ ሁሌ አረንጓዴ ቢሆን ሊያልፍ ለሚችለው ሲካፈል፣ ድምሩ ሲቀነስ ለሚቀረው አካፍል። የባከነው 8 ሰከንድ፣ ድምሩ 0.65 ቢሆን 49 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ድምሩ ወደ 1 ሲጠጋ ግን ቀመሩ ያብዳል፤ እዚያ ላይ ሲሙሌሽን ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ አንዴ ማስኬድ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የዕጣውን መነሻ ቁጥር እየቀያየርክ ቢያንስ 10 ጊዜ አስኪደው።

ጥያቄ፦ ሞዴሌ እውነተኛውን መንገድ መምሰሉን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሰዓት ይዘህ መብራቱ ጥግ ቁም። አረንጓዴ ሲበራ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት መኪኖች ይንቀረፈፋሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ መስመር በየ2 ሰከንዱ ገደማ አንድ መኪና ያልፋል። ያንተ ሞዴል በየ1 ሰከንዱ የሚያሳልፍ ከሆነ መብራቱን አትንካው፤ መጀመሪያ መኪኖችህን አስተካክል።