ጽጌረዳዬ ለምን ጎረቤት ግቢ ብቻ ታብባለች?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጓሮና አበባ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከአዳማ፣ ከደምበላ ነው። ግቢያችን ጠባብ ናት፤ 3 ሜትር በ4 ሜትር ብትሆን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴ ከቢሾፍቱ የሮዝ ጽጌረዳ ቁራጭ ይዛልኝ መጥታ፣ ከቆርቆሮ አጥሩ ሥር ተከልናት። ረጅም ሆና የምትወጣ ዓይነት ናት። አሁን አጥሩን አልፋ ሄዳለች። ግን በእኛ በኩል የሚታየው ባዶ ዘንግና እሾህ ብቻ ነው። አበባው በሙሉ ከአጥሩ ወዲያ፣ ጎረቤታችን እማማ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቼ የአያታቸውን አበባ የሚያዩት እዚያ ቡና ስንጠራ ነው። ባለቤቴ ከገጠር የመጣ ዩሪያ ጨመረላት፤ ቅጠሏ ብቻ በዛ። አሁን ደግሞ ለጋ ቅጠሎቿ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። የባለቤቴ ወንድም “ከሥሯ ቁረጧት፣ እንደ አዲስ ታቆጠቁጣለች” ይላል። እናቴ ለገና ትመጣለች። በደወለች ቁጥር “አበበች ወይ?” ትለኛለች። ምን ላድርግ?
ፀ. ከአዳማ

መልስ፦ አትቁረጪያት ልጄ። ከሁሉ በፊት ይህን ልበልሽ።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። ፍራንኮ አካባቢ ተከራይቼ ስኖር እንዳንቺዋ ያለች ጽጌረዳ ነበረችኝ። አንድ አትክልተኛ “ከጉልበት በታች ቁረጫት” አለኝ፤ ቆረጥኳት። አልሞተችም። ግን ዓመቱን ሙሉ ዘንግ ስታበቅል ከረመች፤ አንድ እምቡጥ እንኳ አላየሁም። አጫጭሩን የጽጌረዳ ዓይነት እንዲያ መቁረጥ ይቻላል። የምትወጣዋ ግን አበባዋን የምትሸከመው በረጅም ዘንጎቿ ላይ ነው። እነሱን ከቆረጥሽ አበባውን ቆረጥሽው ማለት ነው።

ጽጌረዳሽ ያደረገችው የተፈጠረችበትን ነው። ቀጋን ታውቂያት ይሆናል። ደጋ ላይ በየቁጥቋጦው መሀል የምትበቅለው፣ ነጭ አበባ ያላት፣ ልጆች ቀይ ፍሬዋን የሚለቅሟት። እሷ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ናት። እንደ ሐረግ አትጠመጠምም። በእሾኋ ሌላውን ዛፍ እየያዘች ወደ ብርሃን ትወጣለች። ብርሃን ላይ ስትደርስ ዘንጓ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። አበባውም ከጎበጠው ዘንግ ጀርባ ላይ ይደረደራል። ያንቺዋም አጥሩን እስክታልፍ ቀጥ ብላ ወጣች። ከዚያ ወደ እማማ ግቢ ጎበጠች፤ እዚያው አበበች።

ምክንያቱ የዘንጉ ጫፍ ነው። ጫፉ ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ታች ይልካል። በዘንጉ ላይ ያሉት ዓይኖች፣ ማለትም ቅርንጫፍ የሚወጣባቸው ትንንሽ ጉጦች፣ በዚህ የተነሳ ተኝተው ይቆያሉ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ የሚያድገው ላዩ ብቻ ነው። ስታጋድሚው ግን የጫፉ ጉልበት ይደክማል፤ ከግርጌ እስከ ጫፍ ያሉት ዓይኖች ይነቃሉ። ከየዓይኑ አጭር ቅርንጫፍ ይወጣል፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ ደግሞ አበባ። ስለዚህ ያንቺ ሥራ መቁረጥ ሳይሆን ማጋደም ነው። እማማ ግቢ የጎበጠችውን፣ በእናንተ በኩል እንድትጎብጥ ታደርጊያታለሽ።

መጀመሪያ ማሰሪያ ያስፈልግሻል። ቆርቆሮው ላይ በቀጥታ አትሰሪያት። የአዳማ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ የመታው ቆርቆሮ እጅ አያስነካም፤ ለጋውን ቅጠልና እምቡጡን ያቃጥለዋል። ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ከአጥሩ አንድ ስንዝር አርቀሽ ትከይ። በመሀላቸው ሽቦ ወጥሪ። የመጀመሪያው ሽቦ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ይበል፤ ቀሪዎቹን በየ40 ሳንቲ ሜትሩ። ሽቦውን በደንብ አጥብቂው፤ ነፋሳችንን ታውቂዋለሽ፣ የላላ ነገር አይምርም። ዘንግ ከሽቦ ጋር ሲፋተግ ይቆስላል፤ በሽታም የሚገባው በቁስሉ ነው።

ከዚያ ዘንጎቹን ከእማማ በኩል ቀስ ብለሽ መልሺ። ወፍራም ጓንት አድርጊ፣ አንድ ሰውም ያግዝሽ። ለስላሳና አረንጓዴ የሆኑትን ምረጪ። የደረቀውንና እንደ እንጨት የጠነከረውን አትታገይው፤ ይሰበራል። እሱን ለዘንድሮ እንዳለ ተይው። ለስላሳዎቹን ግማሹን ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ፣ እንደ ተዘረጋ እጅ ጣቶች ዘርጊያቸው። በአንድ ቀን አይደለም። ዛሬ ትንሽ ታጎብጫለሽ፣ ታስሪያለሽ፤ በሳምንቱ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ታደርጊያለሽ። መሬት ድረስ መተኛት የለባቸውም። ከቁመት ወደ አግድመት በደንብ ያዘነበለ ዘንግ በቂ ነው። የምታስሪው በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወይም በሲባጎ ይሁን፤ እንደ 8 ቁጥር አዙረሽ፣ ለዘንጉ መወፈሪያ ቦታ ትተሽ። ራቁቱን ሽቦ እንዳታስሪበት፤ ዘንጉ ሲወፍር ያንቀዋል።

አንዱን ዘንግ ግን ለእማማ ተይላቸው። ሦስት ዓመት ያጠጣሽው አንቺ ብትሆኚም፣ እሳቸውም አበባውን ለምደዋል። ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ገናው እንምጣ። ከነቃ ዓይን እስከ ተከፈተ አበባ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ቆቃና ባቱ ያሉት የአበባ እርሻዎችም ለፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን አበባ የሚያደርሱት እንዲህ ሳምንቱን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ዘንጉን በመቁረጥ ነው። ጥቅምት 30 ላይ ማጋደሙን ብትጨርሺ፣ ስምንተኛው ሳምንት የሚሞላው ታኅሣሥ 26 ነው። ገና ያን ጊዜ ደጅ ላይ ነው። ይህ ግን ያለ መጠባበቂያ ነው። ስለዚህ በጥቅምት መጀመሪያ ጀምሪ፤ ክረምቱ አልፎ ፀሐይ የጠነከረበት ጊዜ ስለሆነ ለእሷም ይመቻታል። የጠወለገ አበባ ስታዪ አምስት ቅጠል አንድ ላይ የያዘው የመጀመሪያው ቅጠል ድረስ ወርደሽ ከበላዩ ቁረጪ። ያኔ ጉልበቷን ዘር ላይ አታጠፋም።

ዩሪያው ይቁም። ባለቤትሽ በቅን ልቡ ነው ያደረገው። ዩሪያ ግን 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ቅጠልና ዘንግ ያፈላል እንጂ አበባ አያመጣም። ባይሆን በደንብ የበሰበሰ የበግ ፍግ ሁለት አካፋ አድርጊላት፤ ከግንዱ ትንሽ አርቀሽ።

ዱቄቱም ከዩሪያው ጋር ይገናኛል። ፈንገስ ነው፤ ዩሪያ ያለሰለሰውን ለጋ ቅጠል ይወዳል። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ አየር በማይዘዋወርበት ሥፍራ ይስፋፋል። እንደ ሌሎቹ ፈንገሶች ቅጠሉ እርጥብ እንዲሆን አይፈልግም፤ ለዚህ ነው ዝናብ በሌለበት ሰሞን የመጣብሽ። በጣም የተያዙትን ቅጠሎች ልቀሚና ከግቢ አውጪ። ዘንጎቹ ሲዘረጉ አየር ይገባል፤ ግማሹ መድኃኒት እሱ ነው። ለቀረው አንድ ሲኒ ወተት በዘጠኝ ሲኒ ውሃ በጥብጠሽ፣ ጠዋት ፀሐይ እያለ በሳምንት አንዴ ርጪ። ከቅጠሉ ሥርም መድረስ አለበት። እኔ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። ገና ሲጀምር ከደረስሽበት ይሠራል፤ አልፎ ከሄደ ግን ቅጠሉን መልቀም ይሻላል።

ውሃ በየቀኑ በጣሳ ጠብ ማድረግ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። በሳምንት ሁለቴ፣ ሙሉ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ጠዋት፣ ሥሯ ላይ ቀስ ብለሽ አፍስሺ። የጤፍ ጭድ ዙሪያዋን ጎዝጉዢላት፤ ይህ ፈጥኖ የሚደርቅ አፈር እርጥበቱን ይይዛል። በረኪና የገባበት የልብስ ውሃ ግን እንዳይነካት።

ሲያብብ ጻፊልኝ። እናትሽ ምን እንዳሉም ንገሪኝ።

ጥያቄ፦ ከችግኝ ጣቢያ ገዝቼ የተከልኩት ሮዝ ጽጌረዳ ዘንድሮ ከሥሩ አዲስ ዘንግ አወጣ። ዘንጉ በፍጥነት ያድጋል፤ አበባው ግን ትንንሽና ነጭ ነው። ቀለሙን ለወጠ?
ብ. ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀለሙ አልተለወጠም። የሚያዩት ሌላ ጽጌረዳ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ችግኞች ሥራቸው ጠንካራ በሆነ ሌላ ጽጌረዳ ላይ ተጣብቀው የተዘጋጁ ናቸው፤ ግራፍቲንግ የሚሉት። ነጩ ከታችኛው ሥር የወጣ ነው። ካልተነሳ የሮዙን ምግብ እየወሰደ ያደክመዋል፤ በመጨረሻም ነጩ ብቻ ይቀራል። ከላይ የጠየቀችን እህት ጽጌረዳ በቁራጭ ስለተተከለች በራሷ ሥር ላይ ናት፤ ይህ አይገጥማትም።

ነጩን ዘንግ በመቀስ እንዳይቆርጡት። ከግርጌው የቀሩ ዓይኖች ካሉ እንደገና ያቆጠቁጣል። አፈሩን በእጅዎ ገለጥ ያድርጉና ዘንጉ ከሥሩ የተነሳበትን ቦታ ያግኙ። ወደ ታች ጎትተው ከመነሻው ይገንጥሉት፤ ከዚያ አፈሩን ይመልሱበት።