ሽታው ከኢንጀክተር እጥበት በኋላ ከጀመረ

ጥያቄ፦ የቤንዚን መኪናዬ ኢንጀክተሮች (ነዳጅ የሚረጩት ዕቃዎች) ተነቅለው፣ ታጥበው ከተመለሱ ወዲህ ጠዋት ሳስነሳት ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ አለ። ኢንጀክተሮቹ አካባቢም እርጥበት አይቻለሁ። ሞተሩ ሲሞቅ ሽታው ይጠፋል። መካኒኩ ብሎኖቹን ሁለት ጊዜ ቢያጠብቅም ለውጥ የለም። ችግሩ ምን ይሆን?

መልስ፦ ቦታው እስኪታወቅ ድረስ መኪናዋን አያስነሷት። ሙቅ ጭስ ማውጫ አጠገብ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ቀልድ አያውቅም።

ብሎን ማጥበቁ ለውጥ ያላመጣው የሚዘጋው ብሎኑ ስላልሆነ ነው። ኢንጀክተሩ ከነዳጅ ማከፋፈያው ቱቦ (ሬይል) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነዳጁን የሚያግደው የላይኛው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ሲሆን፣ እሱም የሚሠራው ዙሪያውን በጎኑ ተጨምቆ ነው። ብሎኑ ሬይሉን ከቦታው እንዳይነሳ ከመያዝ ሌላ ሥራ የለውም። ከልክ በላይ ቢጠብቅ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላል እንጂ ጠብታውን አያቆምም።

«ሲሞቅ ይጠፋል» የሚለው ምልክት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ያረጀ ወይም የተጎዳ ኦሪንግ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ይኮማተራል፤ ሲሞቅ ለስልሶ ክፍተቱን ይሞላል። ሁለተኛው ግን አሳሳች ነው፦ ማፍሰሱ ሳይቆም፣ ቤንዚኑ የጋለ ብረት ላይ እንደወደቀ ስለሚተን ብቻ አይታይም። ስለዚህ ምርመራው በቀዝቃዛ ሞተር ይሁን።

ገላጣ ቦታ ላይ ያቁሟት፤ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በእጅዎ ይኑር፤ ለማየት የኤልኢዲ ባትሪ ይጠቀሙ፣ የሚግል አምፖል አይጠጋ። ሬይሉን፣ የኢንጀክተሮቹን አናትና የቱቦ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን ሞተር ሳያስነሳ ኦን ላይ ያድርግ። በአብዛኞቹ መኪናዎች የነዳጅ ፖምፓው 2 ሰከንድ ያህል ሠርቶ ይቆማል። ቁልፉን እያጠፉ ይህን 3 ወይም 4 ጊዜ መድገም ግፊቱን ወደ መደበኛው ያደርሰዋል፤ ነዳጅ ወደ ማኒፎልድ (ወደ ሞተሩ የአየር መግቢያ) በሚረጩት ሞተሮች ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ባር ነው። እርስዎ በየመገጣጠሚያው ነጭ ሶፍት ጠቅልለው ይመልከቱ።

ቤንዚን ቁልቁል ስለሚወርድ የሚፈለገው ከፍተኛው እርጥብ ነጥብ ነው። የኢንጀክተሩ ግርጌ ርሶ ቢያገኙት የታችኛውን ኦሪንግ አይውቀሱ፤ እሱ የሚዘጋው አየርን ነው፣ ሲበላሽም ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል እንጂ ከሬይሉ ነዳጅ አያፈስም። ሲሠራ የተነካካውን ሌላም ነገር አይዝለሉ፦ የሬይሉ መግቢያ ቱቦ፣ የፈጣን ማያያዣው ክሊፕ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ኦሪንግ። ቱቦው በብሎንና ሮንዴላ የሚታሰር ከሆነ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሮጌው ከተመለሰ እዚያው ያፈሳል።

ጥፋቱ ኢንጀክተር ላይ ከሆነ የፖምፓው ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ ነዳጅ ጨርሶ እስኪጠፋ ይነሳ፣ ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ሬይሉ ከእነ ኢንጀክተሮቹ ቀጥ ብሎ ይውጣ። መጀመሪያ የሚታየው የሬይሉ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ አሮጌው ኦሪንግ እዚያ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ሲገባ በትክክል አይቀመጥም። ቀጥሎ የተቆረጠ ወይም የተጠማዘዘ ኦሪንግ፣ በካቻቢቴ የተጫረ ግድግዳ ይፈለግ። ጭረት ካለ አዲስ ኦሪንግ ብቻውን አያድነውም።

ኦሪንጎቹ ቤንዚን ከሚችል ጎማ፣ ለምሳሌ ከቫይተን የተሠሩ፣ ልካቸውም ለኢንጀክተሩ ዓይነት የታዘዘው ይሁን። «ይመስላል» ተብሎ ከዕቃ ሣጥን የተለቀመ ኦሪንግ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከመግባታቸው በፊት ንጹሕ የሞተር ዘይት በስሱ ይቀቡ፤ ደረቅ ጎማ ሲገፋ ይጠቀለላል፣ ይቆረጣልም። ሲሊኮን ማሸጊያ በጭራሽ። ኢንጀክተሩ ቀጥ ብሎ፣ ትንሽ እየዞረ ይገፋ፤ ቦታውን ከያዘ በኋላ በእጅ መዞር አለበት። አልዞር ካለ ኦሪንጉ ተቆንጥጧልና ይውጣ። ብሎኖቹ እየተፈራረቁ፣ መጨረሻ ላይ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው)፣ አምራቹ በሰጠው ልክ ይጠብቁ።

ውጭው ሁሉ ደረቅ ሆኖ ሽታው ከቀጠለ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተና መጠኑ ከፍ ካለ፣ የማይዘጋ ኢንጀክተር ነዳጁን ወደ ሲሊንደር እያንጠባጠበ ይሆናል፤ ኢንጀክተሩም ዘይቱም ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳ። የግፊት መቆጣጠሪያው የአየር ቱቦ ውስጥ ቤንዚን ከተገኘ ደግሞ የተቀደደው የራሱ የውስጥ ጎማ ነው።

ይህ ሁሉ ቀጥታ ወደ ሲሊንደር ለሚረጭ የቤንዚን ሞተርም ሆነ ለኮመን ሬይል ናፍጣ አይሠራም። እዚያ ግፊቱ መቶዎች፣ በናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ በቀጭኑ የሚወጣ ነዳጅ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል፤ ጣትም ሶፍትም አይጠጋውም።

ከተገጠመ በኋላ የቁልፉ ሙከራ ይደገም። ደረቅ ከሆነም መኪናዋ አድራ፣ በማግስቱ ጠዋት ሳትነሳ አንድ ጊዜ ይድገሙት።