መኖ ይተርፋል፣ ዶሮ ይከሳል

ጥያቄ፦ 20 ዶሮዎች አሉኝ። ከነሱ አራት አምስቱ ከስተዋል። ማጅራታቸውና ጭራቸው አካባቢ ላባቸው ተመልጧል። እንቁላልም ቀንሷል። አዲሶቹ ደግሞ ይብስባቸዋል። መኖ አልነፈግኳቸውም፣ እንደውም ይተርፋል። ምን መድኃኒት ልስጣቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ መድኃኒቱን ለጊዜው ይተዉት። ያስላሉ ወይ፣ ኩሳቸው ምን ይመስላል፣ አልነገሩኝም። ግን «አዲሶቹ» ብለው ካለፉት ነገር በቅርቡ ቄቦች እንደጨመሩ ይገባኛል። መኖ እየተረፈ ዶሮ ከከሳ፣ የመጀመሪያ ግምቴ አንዳንዶቹ እንዳይበሉ እየተከለከሉ ነው የሚል ነው። የሚከለክሏቸውም ጓደኞቻቸው ናቸው።

ዶሮዎች በመሃላቸው ደረጃ አላቸው። ማን ማንን እንደሚነቁር፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ እያንዳንዷ ታውቃለች። በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ የጻፈው ኖርዌያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሼልደሩፕ ኤበ፣ አንዷ ሁለተኛዋን፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ዞራ የመጀመሪያዋን የምትነቁርበት ጊዜም እንዳለ አስተውሏል። (ሰው ዘንድም አይጠፋም።) ደረጃው አንዴ ከረጋ ጠቡ ይበርዳል፣ ከላይ ያለችው ቀና ብላ ካየች ይበቃል። አዲስ ሲገባ ግን ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል።

ግምቴን ዛሬውኑ ማረጋገጥ ይችላሉ። ማታ ቆጥ ላይ ሲወጡ የከሱትን አንድ በአንድ ያንሱና አንገታቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ ያለውን የመኖ ከረጢት በጣትዎ ይዳብሱት። ቀኑን ሙሉ የበላች ዶሮ ከረጢቷ ሞልቶ ክብ ይሆናል። የከሱት ባዶ፣ የወፈሩት ሙሉ ከሆነ ነገሩ ታወቀ። እግረ መንገድዎን ክንፋቸውን ገልጠው ቅንቅን ካለ ይዩ።

መፍትሔው ርካሽ ነው፦ መመገቢያውን ያብዙት። የመኖውን መጠን አላልኩም፣ የሚበሉበትን ቦታ ነው። አንድ ዶሮ ቆማ ለመብላት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋታል፣ ለ20ዎቹ 2 ሜትር ማለት ነው። ጄሪካን በቁመቱ ይሰንጥቁ፣ ጠርዙ እንዳይቆርጣቸው ያለስልሱት፣ ሦስት አራት ያዘጋጁ። ዋናው ነገር አንድ ላይ አለመደርደር ነው። ከደረደሯቸው ያቺ ጉልበተኛ መሃል ቆማ ሁሉንም ትጠብቃለች። አንዱን እዚህ፣ አንዱን ማዶ ጥግ፣ ከተቻለ አንዱን ከሌላው እንዳይታይ በሳንቃ ወይም በጆንያ ከልለው ያስቀምጡ። ውኃውንም እንዲሁ፣ ሰው ውኃውን ይረሳዋል እንጂ የተባረረች ዶሮ እንቁላል የምታቆመው በጥሙም ነው። ጠዋት መኖ ሲሰጡ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሙሉ፣ እየዞሩ ከሞሉ ጉልበተኛዋ እየተከተለች ትቀድማለች።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። አንድ ቄብ ገዝቶ በጠራራ ፀሐይ መሃላቸው መጣል ሁልጊዜ የማየው ነገር ነው፣ እባካችሁ ይቅር። አዲስ ስትጨምሩ ሁለት ሦስት ሆነው ይግቡ፣ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት በሽቦ ተለያይተው ይተያዩ፣ ከዚያ ማታ ቆጥ ላይ ይቀላቀሉ። ሌላው ስህተት፣ የተነቆረችውን ወስዶ ሌላ ቤት ሳምንታት ማቆየት ነው። ስትመለስ እንደ ባዕድ ታይታ እንደገና ትደበደባለች። የምትደማ ከሆነች ትለይ፣ ደም ሌሎቹን ይጠራል፣ ግን እዚያው በሽቦ ታጥራ እየታየች ትዳን። ማባረር ካስፈለገ ጉልበተኛዋን ነው፣ ለጥቂት ቀን። ስትመለስ ብዙ ጊዜ ደረጃዋ ወርዶ ታገኘዋለች።

ይህን አድርገው ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ማታ ከረጢቱ ሞልቶ እያለ ክሳቱ ካልቆመ፣ ያኔ በሽታ እንፈልጋለን። ሲጽፉልኝ ግን ኩሳቸውን አይተው ይጻፉ።