ራስት የተባለው ማቃም (የአረብ ሙዚቃ ቅኝት) ላይ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት

ከመጀመራችን በፊት፦ የራስት 7 ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ናቸው። ሚና ሲ ግን ከፒያኖው 50 ሴንት ገደማ ዝቅ ይላሉ፤ የሴሚቶን (የሁለት ጎረቤት ቁልፎች ርቀት) ግማሽ፣ ሩብ ድምፅ የሚባለው ማለት ነው። ይሄን ይዛችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኪቦርዴ ሩብ ድምፅ ይሠራል። እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ የስኬል ማስተካከያው ውስጥ ሚና ሲን በ50 ዝቅ አድርግ። ዘፈኑ ሲያልቅ አጥፋው! አንድ ሠርግ ላይ ረስቼው ትዝታ ሜጀር ጀመርኩ። ዘፋኙ ዞሮ ሲያየኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጥያቄ፦ ከሬ ከጀመርኩ ባያቲ የሚባለው ሌላ ማቃም ይሆናል አይደል? ልክ ሜጀር ስኬልን ከሬ ሲጀምሩት ዶሪያን እንደሚሆነው?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ባያቲ ሬ ላይ ያርፋል፣ ዝቅ ያለው ሚም አለበት። ሲ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ ፍላት (ሙሉ ሴሚቶን ዝቅ ያለ) ይሆናል። ማቃም መነሻ ኖታ መቀየር ብቻ አይደለም። አረቦች ጂንስ የሚሉት አጭር የድምፅ ቁራጭ አለ፤ ዜማው ከየትኛው ጂንስ ወደየትኛው እንደሚሻገርና የት እንደሚያርፍ ስማ።

ጥያቄ፦ ኮርድስ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች)?

መልስ፦ ተመስገን፣ የምወደው ጥያቄ መጣ! አብረን እንቁጠር። ፋ፣ ላ፣ ዶ ሜጀር ነው። ሬ፣ ፋ፣ ላ ማይነር። አሁን ቤታችን ዶ ላይ እንምጣ። ከዶ እስከ ዝቅ ያለው ሚ 350 ሴንት ነው። ማይነር 300፣ ሜጀር 400፤ ይሄኛው መሀል ሰፋሪ ነው። ሚና ሶል ላይ የሚሠሩትም እንደዚያው። ላና ሲ ላይ ደግሞ የኮርዱ አምስተኛ ድምፅ ራሱ በ700 ፈንታ 650 ላይ ይወድቃል፣ አይያዝም። ኦርጋን ድምፅ ከፍታችሁ የዶን ኮርድ ያዙት፤ ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል። ስለዚህ ዶና ሶልን ብቻ ምቱ፣ ሚን ለዘፋኙ ተዉለት። መሸጋገሪያ ሲያስፈልግ ፋ ሜጀርና ሬ ማይነር አሉላችሁ። የፒያኖውን ዶ ሜጀር ከመታችሁ የእናንተ ሚ ከዘፋኙ ሚ ጋር ይጣላል። ስኬሉንም ማጥፋት አትርሱ።

ጥያቄ፦ 350 ቁርጥ ያለ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ1932 ካይሮ በተካሄደው የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ፣ የሃንጋሪው አቀናባሪ ባርቶክም በነበረበት፣ በዚሁ ጉዳይ ተከራክረዋል። በቱርኮች ንድፈ ሐሳብ የራስት ሦስተኛ ድምፅ 385 አካባቢ ነው። ከአገር አገር ይለያያል።

አንድ አባል፦ የአያቴ ማሲንቆ ላይ ሚ እንደዚህ ነበር። ትዝታ ከራስት ነው የመጣው።

ሌላ አባል፦ እንዴ! ያሬድ ያለን ሰዎች ከአረብ ምን አገናኘን?

የመጀመሪያው፦ ያሬድን ማን ነካው?

መልስ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ማሲንቆ ፍሬት (እንደ ጊታር ድምፅ የሚለይ መስመር) የለውም፣ ጣት ባረፈበት ነው። ሚ ዝቅ ስላለ ዘመድ አይሆንም። ቅኝታችን 5 ድምፅ ነው፣ የዛሬው 7። ሌላ ቀን ተጣሉ።

ጥያቄ፦ የቱ ማቃም ይሻላል?

መልስ፦ ለምኑ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ኪቦርዱን እንዴት ነው የማስተካክለው?

መልስ፦ ከላይ አለ። በ50 ዝቅ። አጥፋው።

ጥያቄ፦ እኔ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። አጠፋሁት፣ ሚ ግን አሁንም ዝቅ ብሏል።

መልስ፦ ሴቭ አድርገኸዋል ማለት ነው። ሠርግ መቼ ነው ያለህ?

ጥያቄ፦ ነገ።